የወረቀትና የመንገድ ገንዘብ

የአጎቴ ልጅ መሬቴን ወሰደብኝ። በጉልበት አይደለም፤ በወረቀት ነው። ማንበብ አልችልም ነበር፤ ኪራይ ነው ብሎ የስጦታ ውል ላይ አውራ ጣቴን አስጫነኝ። በምስክርነት የፈረሙት ደግሞ የንስሐ አባቴ ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሆነና እንዴት እንዳለቀ ነው እንጂ ሌላ የተደበቀ ምስጢር የለውም።

ያን ጊዜ ግራ እግሬ ታሞ ነበር። በሬ ረግጦኝ የጀመረው ቁስል አጥንቴ ድረስ ገባና ደብረ ታቦር ሄጄ እንድተኛ ተነገረኝ። ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅም የለኝም። ሦስት ጥማድ መሬቴ ጦሙን እንዳያድር አንድ ሰው ማረስ ነበረበት።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ አያ?» አለኝ የአጎቴ ልጅ። «ለሁለት ዓመት ልከራይህ። ስትድን ትረከበኛለህ።»

የተፈራረምነው በሄድሁበት ጠዋት ነው። እኔ ቃሬዛ ላይ ነኝ። መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል። የንስሐ አባቴ መምሬ ከቅዳሴ ወጥተው፣ አፋቸው ውኃ እንኳ ሳይነካ፣ ሊሰናበቱኝ መጡ። የአጎቴ ልጅ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋና «የኪራዩ ነው፣ መምሬ፤ እዚች ላይ» አላቸው። ፈረሙ። እሳቸው እድሜያቸውን ሙሉ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በአካባቢው ያለውን ዲያቆን ሁሉ ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። ያችን ግማሽ ገጽ ግን አላነበቧትም። በእኛ አገር ዘመድ ያቀረበልህን ወረቀት ተቀብለህ ፊቱ ማንበብ ከጀመርህ ሰውየውን ሌባ ብለኸዋል ማለት ነው። ስለዚህ አይነበብም። የሚያነብም አያነብም፣ እንደኔ ያለውም አያስነብብም።

ከዓመት ተኩል በኋላ በክራንች እየተደገፍሁ ተመለስሁ። የአጎቴ ልጅ መሬቴ ላይ ሁለት ጥማድ በሬ አሰማርቶ ያሳርሳል።

«መቼ ነው የምታስረክበኝ?» አልሁት።

«ምኑን?»

«መሬቴን ነዋ።»

«ሰጥተኸኝ የለም እንዴ!» አለና ወደ አራሾቹ ዞሮ ሳቀ። «ሐኪሞቹ ያከሙት እግሩን ብቻ ነው መሰል።» ወደ እኔም ተመለሰና «ያውም በንስሐ አባትህ ፊት ነው የሰጠኸኝ።»

ለቀበሌ ነገርሁ፤ ደብተሩ በእሱ ስም ዞሯል አሉኝ። ለሽማግሌ ነገርሁ፤ ወረቀት ካለ እኛ ምን እንላለን አሉኝ። ጎረቤቶቼ አዘኑልኝ፤ ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ የሰው ቤት ተጠግቼ፣ የሰው አጥር እየጠበቅሁ መኖር ጀመርሁ።

አሁን ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ልናገር። ሀብታም አይደለችም። ጣሪያዋ ያፈሳል። ነገር ግን ሰበካ ጉባኤው በየሦስት ወሩ ከሙዳየ ምጽዋቱና ከባሕር ዛፉ ሽያጭ ላይ ጥቂት ጥቂት እየቆረሰ ይሰጣል። እስር ቤት ላለ ወገን ስንቅ ለሚያደርሱ ሴቶች ይሰጣል፤ ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ለሚንከባከቡም ይሰጣል። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ፍርድ ቤት የሚቆምለት ለሌለው ሰው አቤቱታ ለሚጽፉ ሁለት ሰዎች ይሰጣል። ይህችን የመጨረሻዋን ሰዉ «የወረቀትና የመንገድ» ይላታል። ስሟ ልኳን ይናገራል። አንድ እሽግ ወረቀት፣ ጥቂት እስክሪብቶ፣ ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ወደ ወገዳ ደርሶ መልስ የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ እዚያ ለምሳ አንድ ሳህን ሽሮ። ለሁለት ነው የሚበሉት።

«በዚች ነው ፍትሕ የሚመጣው?» ብዬ ስቄባት ነበር። አልደብቅም።

ከሁለቱ አንዱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሁለተኛዋ ባላቸው ሲሞት ወንድሞቹ መሬቱን ሊነጥቋቸው ሲሉ ለብቻቸው ተሟግተው የረቱ ሴት ናቸው። የሰበካ ጉባኤው አባል ከሆኑት ውስጥ ደግሞ አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። ስለዚህ ወደ ሁለቱ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ሌላ መሄጃ ሳጣ ነው የሄድሁት።

አስተማሪው ከመሬት አስተዳደር የመጣውን የውሉን ግልባጭ አገላበጡና «ይኸን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ! እርስዎ ያንብቡልኝ እንጂ።»

«አነብልሃለሁ። ግን አንድ ጊዜ ሌላ ሰው የነገረህን አምነህ ነው እዚህ የደረስኸው። አሁንም እኔ የነገርሁህን ይዘህ ነው ዳኛ ፊት የምትቆመው?»

ተናደድሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። መሬቴን አስመልሱልኝ ብዬ መጥቼ ተማሪ ቤት ግባ እባላለሁ?

ሴትዮዋ ሳቁ። «አትቆጣ፣ ወንድሜ። እኔም ሀ ያልሁት በሃምሳዬ ነው። ጥርስ ማብቀል አይደለም፤ አያምም።»

ዋሽተዋል፤ ያማል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳሱ ሥር አምስት ጎልማሶች ተቀምጠን አስተማሪው በጠመኔ ይጽፋሉ፣ እኛ እንጮኻለን። ጠመኔውም ከዚያችው ከወረቀትና ከመንገዱ የተገዛ ነው። ሞፈር የለመደ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ ይሰብረዋል፤ ሁለት ሰብሬያለሁ። ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ፊደሎቹ ዓይኔ ላይ ይመላለሳሉ፤ ጠዋት ስነሣ ግማሾቹ ጠፍተዋል። ልተወው ያላልሁበት ሳምንት የለም።

በስድስተኛው ወር ግልባጩን አምጡልኝ አልሁ። ሰው መጀመሪያ ያነበበው መዝሙረ ዳዊት ነው፣ ወንጌል ነው ይላል። እኔ መጀመሪያ ያነበብሁት የራሴን ውል ነው። ከቅዳሴ መውጫ ጀምሬ እስከ እኩለ ቀን ፈጀብኝ። «በሕመሜ ጊዜ ስለጦረኝ፣ ወደፊትም ስለሚጦረኝ ሰጥቼዋለሁ» ይላል። ጦረኝ! ደብረ ታቦር ስተኛ አንድ ቀን መጥቶ ያላየኝ፣ በሰው እጅ አንድ ብርቱካን ያልላከልኝ ሰው ጦረኝ! ሌላ ነገር ይወጣው እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ያው ነው። ማንበብ ብርሃን ነው ለሚሉኝ የምመልስላቸው ይህንን ነው። እኔን መጀመሪያ ያሳየኝ መዘረፌን ነው።

ክሱ ተጻፈ። አስተማሪው ግን እውነቱን ነገሩኝ። «ኪራይ ነው ሲባል የሰማ ምስክር ከሌለህ ይህ ክስ አይቆምም።» ወረቀቱ ሲፈረም አጠገቡ የነበርነው ሦስት ነን፦ እኔ፣ የአጎቴ ልጅ፣ መምሬ። ስለዚህ ወደ መምሬ ሄድሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«መምሬ፣ ኪራይ ነው ሲል ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።»

«እንግዲያ ይህንኑ ለዳኛው ይንገሩልኝ።»

«ዳኛው ምን ይለኛል? ሳያነቡ ነው የፈረሙት ይለኛል። ያስተማርኋቸው ሁሉ ይሰማሉ። ስንቱን ንባብ ያስቆጠረ ቄስ ግማሽ ገጽ አማርኛ ማንበብ አቃተው ይባላል።»

«የእርስዎ ማፈር ከእኔ መራብ ይበልጣል?»

«ሂድ በሰላም፣ ልጄ» አሉኝ።

ሄድሁ። በሰላም ግን አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንስሐ አልገባሁም፤ እሳቸው በቆሙበት በር መስቀል መሳለምም ተውሁ።

የሚቀጥለው የሦስት ወር ስብሰባ ሲደርስ የአጎቴ ልጅ ተነሣ። ስብሰባው ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ነው፤ የፈለገ ቆሞ ይሰማል፤ እኔም ቆሜ እሰማለሁ።

«ቤተ ክርስቲያን የታረቀን ነው የምትረዳው እንጂ የተካሰሰን አይደለም» አለ። «ምእመን ከምእመን የሚያባሉ ሰዎችን እየደጎምን ነው። የወረቀትና የመንገዱ ይቅርና ለጣሪያው ይዋል።»

ሴትዮዋ ከዳር ሆነው «ጣሪያው ድሮም ያፈስ ነበር!» አሉ። «አንተ ያየኸው ከተከሰስህ ወዲህ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቅ ግን ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም። ጣሪያው በእውነትም ያፈሳል፤ አባላቱም የሰውየውን ፊት ይፈራሉ። «ነገሩ እስኪጣራ ይቆይ» ተባለ። በእኛ ዘንድ ይቆይ ማለት ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ለቀጠሮ ወገዳ የሄድነው በእግር ነው። አስተማሪው በዱላ፣ እኔ በክራንች። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ መኪናውም እየዘለለ ነው የሚሄድበት። ከጎህ ጀምረን ስንጓዝ እኩለ ቀን አለፈን። አስተማሪው ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ «ትንሽ ናት ትል ነበር» አሉኝ። «ይኸው፣ ያቺ ትንሽ ስትቀር እንዲህ ነን።»

እያሰብሁ ሄድሁ። አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት በሁለት መኪና መጥቶ ስለ ፍትሕ ሰብስቦ አስተምሮን ነበር። ቆብ ሰጡን፣ ፎቶ አነሱን፣ ሄዱ። ቆቡ አለኝ። ሁለተኛ ግን አልመጡም። ይህች ግን ትንሽም ብትሆን በየሦስት ወሩ ትመጣ ነበር፤ የተቸገረው ሰው ዛሬ ባይደርስበት ለሚቀጥለው ብሎ ይጠብቃታል። ይህን ያወቅሁት ከቀረች በኋላ ነው። ደስ አላለኝም።

ዳኛው «ምስክር አለህ?» አለኝ። «አለኝ፤ አልመጣልኝም» አልሁት። ሌላ ቀጠሮ ሰጠኝ። ያ ቀጠሮ መንገድ ተዘግቶ አለፈ። የሚቀጥለውም እንዲሁ።

በዚህ መካከል ሁለቱ የወረቀትና የመንገድ ሰዎች ግዝት ጠየቁልኝ። ግዝት እንዲህ ነው፦ የተሸሸገ ነገር ኖሮ የሚመሰክር ሲጠፋ፣ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ይዞ ሕዝቡ ፊት ይቆምና ያየ የሰማ አውቆ የደበቀ ሰው የተለየ ይሁን ብሎ ቃል ያወጣል። ፖሊስ የማይፈራ ሰው ይህን ይፈራል። ሰበካ ጉባኤው በድምፅ የሚከለክለው ነገርም አይደለም፤ የተበደለ ሰው ከጠየቀ ይደረጋል።

ቃሉን የሚያወጣው የሳምንቱ ተረኛ ቄስ ነው። የተባለው እሑድ ሲደርስ ተረኛው መምሬ ሆኑ። አስተማሪው ሳምንቱን ቆጥረው ይሁን አይሁን አልጠየቅኋቸውም።

ቅዳሴው አለቀ። መምሬ ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሱ ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። እኔ ዛፍ ተደግፌ ነበር፤ የአጎቴ ልጅ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው። መምሬ መስቀሉን ከፍ አደረጉ።

«በዚህ ሰው ነገር ያየ፣ የሰማ፣ አውቆ የሸሸገ...»

ቀጥሎ ያለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠበቅን። አልመጣም። መምሬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ላይ ሲደርሱ እንደገና ቆሙ። ከዚያ መስቀሉን ጎናቸው ላለው ቄስ ሰጡት።

«ሌላ ሰው ያውጣው» አሉ። «እኔ ካወጣሁት የሚወድቀው እኔው ላይ ነው።»

«ኧረ መምሬ!» አለች አንዲት ሴት።

«ኪራይ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወረቀቱን ግን አላነበብሁትም። ሳላነብ ፈረምሁ።»

የአጎቴ ልጅ «አባ፣ ፊርማዎን ሊክዱ ነው?» አላቸው።

«ፊርማው የእኔ ነው። ውሸቱ ያንተ ነው» አሉት። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሰው እልል ያልሁ ይመስለዋል። እኔ ያሰብሁት ስለ እግሬ ነው፤ ብዙ ቆሜ አሞኝ ነበርና መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

በሳምንቱ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ የወረቀትና የመንገዱን መለሰ። የአጎቴ ልጅ ከአባልነቱ አልወረደም፤ ዛሬም እዚያው አለ። ስትመለስ የተቃወመ እንደሌለ ሰማሁ፤ እሱም እጁን አውጥቷል አሉኝ።

ለምስክርነቱ ቀን እኔና አስተማሪው በመኪና ሄድን። መምሬም አብረውን እንዲሳፈሩ ገንዘቡ ተሰጥቷቸው ነበር። «ለሌላ ይሁን» ብለው መለሱና በዋዜማው ተነሥተው በእግራቸው መጡ። ዳኛው ልጅ እግር ነው። ያንኑ የፈሩትን ጥያቄ ጠየቃቸው።

«ሳያነቡ ነው የፈረሙት?»

«አዎ።»

ዳኛው ጻፈ። ማንም አልሳቀም።

ስንወጣ መምሬ ደጃፉ ላይ ያዙኝ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«ገና ነው፣ መምሬ» አልኋቸው።

«እሺ» አሉ። «እቆያለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ዛሬም እያቆየኋቸው ነው። ሦስት አዝመራ ከእጄ ሄዷል፤ የሚመልስልኝ የለም። ይቅርታም እንደ እህል ነው፤ ከሌለህ ከየትም አታመጣውም። ሲኖረኝ እሰጣቸዋለሁ።

ፍርዱ የተሰጠው ከዚያ በኋላ በሌላ ቀጠሮ ነው። ውሉ ፈረሰ። የአጎቴ ልጅ ይግባኝ እላለሁ ብሎ ዛተ፤ ጊዜው አለፈ፤ አላለም። ከመሬት አስተዳደር ሰው መጥቶ ወሰኑን ለካ። በመድኃኔ ዓለም ዕለት ስለማይታረስ ጎረቤቶቼ ሁሉ ሥራ ፈተው ነበርና ድንበሩን ለመመስከር መጡ። አስተማሪውና ሴትዮዋም ነበሩ። የርክክቡን ወረቀት አንብቤ፣ በጣቴ ሳይሆን በስሜ ፈርሜ መሬቴን የተረከብሁት ግንቦት ሃያ ሰባት ቀን፣ ረቡዕ ነው።