በር ላይ የሚበተን አሸዋ

አያቴ ሸሚኖ ነበሩ፤ ከድሬዳዋ እስከ ለገሃር የድሮውን ባቡር ሲነዱ ያረጁ። የቦሌ ሚካኤሉ ቤታችን በር ቁልቁለት ላይ ስለሆነ፣ ክረምት ክረምት በየጠዋቱ በጣሳ አሸዋ ይዘው ወጥተው ይበትኑ ነበር።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ እየዘነበ እኮ ነው» እላቸዋለሁ።

«ሐዲድ ሲረጥብ የባቡሩ መንኮራኩር ዳገት ላይ ባለበት ይሽከረከራል። ከአዋሽ ወዲህ ያለውን ዳገት ከመንኮራኩሩ ስር አሸዋ እየለቀቅን ነው የወጣነው። ሰው በራችን ላይ አይወድቅም፣ ልጄ።»

የቀብራቸው ዋዜማ ዝናብ ሲዘንብ አደረ። ሬሳቸውን የተሸከሙት ጎረቤቶች አሸዋ ያልተበተነበት በር ላይ አዳልጧቸው ተንገዳገዱ። መሞታቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት አሸዋውን እኔ በተንኩ። ለካ በዚህ በር የሚገባው ሁሉ የእሳቸው እንግዳ ነበር። አሁን መሽቷል፤ አሸዋው ላይ የሰው ዱካ የለም።