የተሰረዘው መኪናና የበሩ ምሰሶ

በመለኪያ ክፍሉ የመጀመሪያ ቀኔ ኢንጂነር ዴል ቀለበቴን፣ ሰዓቴንና ቀበቶዬን አስወለቀኝ። አሉሚኒየም በቀላሉ ይጫራል። ከዚያ ነጭ ጓንት ሰጠኝና ወለሉ መሀል ብቻውን ወደቆመ፣ ቀለም ወዳልተቀባ የመኪና አካል ወሰደኝ።

«ዛሬ የምትለኪው ይህንን ነው» አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ነገም ይህንኑ ነው።»

ከዚያ በፊት ከኮሎምበስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የዚሁ ኩባንያ ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት የቤተሰብ መኪና በር ስገጥም ኖሬአለሁ። እዚያ መኪኖቹን እየተሸከመ የሚያልፈው ላይን አይቆምም። አንዱን በር ገጥሜ ቀና ስል ሌላው ፊቴ ደርሷል። እዚህ ግን አንድ መኪና ሦስት ቀን ሙሉ ፊቴ ይቆማል። እጄ መቸኮል ስለለመደ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከዴል አፍ የሰማሁት «ሮማን፣ ቀስ» የሚል ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

የምንሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄድ የስፖርት መኪና ነበር። ዝቅ ያለ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ የኩባንያው ቁንጮ። እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው። ኩባንያው የሚሠራው ምን እንደሚችል ለማሳየት ነው፤ እሱን አይቶ የተደነቀ ሰው የቤተሰቡን መኪና ይገዛል ብለው ያስባሉ።

መሣሪያዬ እንደ ክንድ የሚተጣጠፍ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀይ ድንጋይ ያለው መለኪያ ነው። ጫፉን አካሉ ላይ ሳስነካው ቦታው ስክሪን ላይ ይወጣል። የክፍሉ ሙቀት በጋም ክረምትም አንድ ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ስለሚለጠጥ የሞቀ መኪና ልክ አይሰጥም።

አካሉን ከሚበይዱት አንዱ ጋሼ ጥላሁን ነበሩ። ሚነርቫ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታሞች ስለሆንን በእሳቸው መኪና አብረን እንመላለስ ነበር። አሉሚኒየም መበየድ እንደ ብረት አይደለም። ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ ቀልጦ ይፈሳል፣ ካነሰ አይያያዝም። እሳቸው ግን በይደው ሲጨርሱ መስመሩ በማሽን የተሰፋ ይመስል ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ወሬያቸው ስለዚሁ መኪና ነው። አንድ እሑድ ኮሌጅ የምትማረው ልጃቸው ሰምታ ሰምታ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ «አባዬ፣ ግን ማን ይገዛዋል?» አለቻቸው።

«ያየው ሁሉ!» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ወደ ፓርኪንጉ ስንወጣ ግን የቆሙትን መኪኖች አየሁ። የልጆች ወንበር የታሰረባቸው፣ እቃ የሚጭኑ፣ ሰው አሳፍረው ገንዘብ የሚያመጡ መኪኖች ነበሩ።

በሁለተኛው ዓመት አንዱ የሙከራ መኪና ጎርባጣ መንገድ ላይ ሲሞከር ሰንብቶ ተመለሰ። የግራውን በር ከፍቼ ስዘጋው ከዚያ በፊት ያልነበረ ድምፅ ሰማሁ። ለካሁት። ከበሩ ኋላ ያለው፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶ ከቦታው ሁለት ሚሊሜትር ሄዷል። ሁለት ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል። በዚያ መኪና ላይ ግን ዝናብ ያስገባል፣ ንፋስ ያስጮኻል፣ ከሁሉም በላይ አካሉ ሸክሙን አልቻለም ማለት ነው። ባትሪው ከባድ፣ አካሉ ቀላል ነበር። አካሉን ካጠናከሩት ይከብዳል፤ ከከበደ ፍጥነቱም የሚሄደው ርቀትም ይቀንሳል።

ለዴል አሳየሁት። ስክሪኑን ሁለት ጊዜ አነበበና «አሳርፊውና ነገ ጠዋት ድገሚው» አለኝ። በማግስቱ ደገምኩት። ያው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ለጋሼ ጥላሁን ነገርኳቸው። መሪውን እንደጨበጡ፣ «ሮማንዬ፣ የኃላፊዎቹ ሚቲንግ ረቡዕ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሪፖርቱን ከዚያ በኋላ፣ ዓርብ ሰብሚት አድርጊው። ዴልን እኔ አናግረዋለሁ። እስከዚያ ማጠናከሪያ እበይድበታለሁ። ከዚያ እንደገና ለኪው።»

«ያኔ የምለካው ሌላ መኪና ይሆናል ጋሼ። ይሄንን ለክቼዋለሁ።»

«እኔ ደብቂ አላልኩሽም። ጥቂት ቀን ነው የለመንኩሽ።»

ማታ ልጆቼን ሳበላ፣ ሳስተኛ፣ ሐሳቤ እዚያው ነበር። ፕሮጀክቱ ከቀረ የእሳቸውም የእኔም ቦታ አብሮ ይሄዳል። በማግስቱ ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ ዴል ፈረመበት። ጋሼ ጥላሁን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ከነገ ጀምሮ ሺፍቴ ተቀይሯል፣ በራስሽ መኪና ነይ» ብቻ አሉኝ። ሺፍታቸው እንዳልተቀየረ አውቃለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ካረን ሁላችንንም መኪናው አጠገብ ሰበሰበችን። ወረቀት አልያዘችም። «ካንስል ተደርጓል» አለች፤ ቀጥላ ምክንያቱን ነገረችን። እንዲህ ያለ መኪና የሚወዱ ሰዎች የሞተሩን ድምፅ ይፈልጋሉ፣ ይሄ ድምፅ የለውም። ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት ደግሞ ልጅና እቃ የሚጭኑበትን ነው የሚጠይቁት። የኩባንያው ኢንጂነሮች ደግሞ ቤንዚንና ባትሪ አብሮ ለሚጠቀመው የቤተሰብ መኪና ይፈለጋሉ፤ ሰው ተራ ይዞ የሚጠብቀው እሱን ነው።

አንዱ ከኋላ «የበሩ ነገርስ?» ብሎ ጠየቀ። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

«በሩ ይስተካከል ነበር» አለች ካረን። «ጊዜ ይወስዳል እንጂ።»

ሰዉ ሲበተን ጠጋ አልኳትና እውነቱን እንድትነግረኝ ለመንኳት። «መኪናውን የገደለው የእኔ ሪፖርት ነው?»

«ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ትልቁ ግን አይደለም» አለችኝ። «ከእያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀር ጠየቅን። የሌላው ሰው መልስ ደርሰናል የሚል ነበር። የአንቺ ወረቀት ገና እንደሆነ አሳየን።»

አይዞሽ አላለችኝም። ስላላለችኝ አመንኳት።

የሙከራ መኪና ከተሰረዘ በኋላ አይቀመጥም፤ ሌላ ሰው እንዳያየው ይቆራረጣል። የመቁረጡ ሥራ ለበያጆቹ ተሰጠ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጋሼ ጥላሁን ወደ መለኪያ ክፍሉ በር መጥተው፣ ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ፣ «ሮማን፣ አንዴ ነይ» አሉኝ።

የግራውን ምሰሶ ቆርጠው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል። የብየዳውን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። «እስቲ እይ። ተሰንጥቋል?»

በማጉያ መስታወት ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። አንድም ስንጥቅ የለም። የጎበጠው ከብየዳው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ብየዳ ያልነካው አሉሚኒየም ላይ ነው።

«ብየዳው ምንም አልሆነም ጋሼ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ምሰሶው ሄደ ብለሽ ስትጽፊ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ሥራ ያሳጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ያን ምሰሶ የበየድኩት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።»

ሪፖርቴ ትክክል ነበር፤ የሄደውን ቦታ በሚሊሜትር ጽፌአለሁ። የብየዳውን ነጥቦችም ያን ቀን ለክቼ ነበር፤ እርስ በርሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ችግር ስላልነበረባቸው አልጻፍኳቸውም።

«ለምን አልጠየቁኝም?» አልኳቸው።

«ከአንቺ አፍ አዎ የሚለውን እንዳልሰማ ፈርቼ ነዋ።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም «ዓርብ አድርጊው ማለቴ ልክ አልነበረም» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ዴል የተዘጋውን ፋይል እንዲከፍትልኝ ጠየቅኩት። የተሰረዘ ፕሮጀክት ማን ያነበዋል አላለም፤ ከፈተልኝ። የብየዳውን ቁጥሮች ጨመርኩና ከሥር «ብየዳው ሸክሙን ችሏል፤ የጎበጠው አካሉ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አትሜም አንዱን ቅጂ ለጋሼ ጥላሁን ሰጠኋቸው።

ዴል በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ። እኔ ወደ ቤተሰብ መኪናው ተመልሼ ዛሬም እለካለሁ። እዚያ የሚበይደው ሮቦት ስለሆነ ለጋሼ ጥላሁን ቦታ አልተገኘላቸውም፤ አሁን የጭነት ተሳቢ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ይበይዳሉ። «ሥራው ሸካራ ነው፣ እጄን እንዳያበላሽብኝ እፈራለሁ» ይላሉ። ያን መኪና ግን አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ባለማየታቸው እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። እኔም እቆጫለሁ፤ ቆንጆ መኪና ነበር።

አንድ መኪና የሚሰረዝበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አብዛኛው እኛ ወደማንገባበት ክፍል ውስጥ ይወሰናል። በእኛ እጅ ያለው ሪፖርቱ ነው። የተበላሸውን ስትጽፉ ያልተበላሸውንም ጻፉ። ወረቀቱን የሚያነበው ኃላፊው ብቻ አይደለም፤ የሠራው ሰውም ያነበዋል።