ቅቤ የለመዱ ዶሮዎች

የአከራያችን ዶሮዎች ምግብ መምረጥ የጀመሩት ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሦስት ናቸው፤ ቀይዋ፣ ገብስማዋና አንገተ መላጣዋ። ከዚያ በፊት የስኳር ድንች ልጣጭ ይሁን የተረፈ እንጀራ፣ ያገኙትን ሲሻሙ ነው የማውቃቸው። አሁን አከራያችን ልጣጩን ይዘው ብቅ ሲሉ እየተንደረደሩ ይመጡና፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በአንድ ዓይን አየት ያደርጉትና ትተውት ይሄዳሉ። አንገተ መላጣዋማ በእግሯ ጫር ጫር አድርጋ አፈር ታለብሰዋለች።

"ፈንግል ገብቶባቸዋል" አሉ አከራያችን።

ፈንግል የገባበት ሰፈር ዶሮ አይተርፈውምና ስጋታቸው የዋዛ አልነበረም። አንድ በአንድ እያቀፉ ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ ኩሳቸውን በእንጨት ሲመረምሩ፣ እኔ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ የታሰረ የጫማ ማሰሪያ መልሼ አስራለሁ። ዶሮዎቹ እንዳልታመሙ አውቃለሁ። ያጠገበቻቸው እናቴ ናት፤ ያውም በአከራያችን በራሳቸው ቅቤ።

አባቴ የሞተው ታኅሣሥ ላይ ነው። አርባው እንደወጣ እናቴን ከጎጃም ወደ ወላይታ ሶዶ ይዣት መጣሁ። እኔ እዚህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ በአከራያችን ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እናቴ ከእኔ በቀር የወለደችው የለም። እናቴ መምጣት አልፈለገችም። የመጣችው ለቀስተኛ በተሰበሰበበት ስለለመንኳት ነው፤ ሰው ፊት እምቢ ማለት አትችልም። ይህን ድክመቷን አውቄ ነው ያደረግሁት፣ አልዋሽም። እዚህ ከደረስን በኋላ ግን ቁርጡን ነገረችኝ፤ ፋሲካን ከእኔ ጋር ውላ በሳምንቱ ትመለሳለች። ወደ ማን? ወደ ተቆለፈ ቤት። እዚያ ብቻዋን ቆዳዋ ከአጥንቷ ተጣብቆ ስትከስም ይታየኝ ነበር፤ እፈራ ነበር።

እዚህም ቢሆን አልተስማማትም። ቋንቋውን አታውቅ፣ ሰዉን አታውቅ፣ ቀኑን ሙሉ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። እኔ ጠዋት ሽሮዋን ሠርቼ፣ ክዳን ደፍቼበት ወደ ሥራ እሮጣለሁ። ስመለስ ሁለት ጉርሻ ያህል ጎድሎ አገኘዋለሁ።

"ብይ እንጂ፣ እማዬ።"

"በላሁ እኮ።"

የሁለታችን ጨዋታ ይኸው ነበር። ከዚያ እኔ ስልኬን አነሣለሁ፤ እሷ ወደ ግድግዳዋ ትዞራለች።

አከራያችን ይህን አይተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመታቸው ነው፣ ልጆቻቸው ሐዋሳና አዲስ አበባ ናቸው፣ ሐዘን ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል። ሙቹዋ ሠሩላት። ሙቹዋ ቆጮና አይብ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚቀርብ የወላይታ የክብር ምግብ ነው፤ ለማንም አይሠራም። እናቴ ግን ዐቢይ ጾምን ከልጅነቷ ጀምሮ ያላፈረሰች ሴት ናት። "ጾም ነኝ" አለቻቸው።

አከራያችን ፕሮቴስታንት ናቸው። በእሳቸው ዘንድ ጾም ማለት ምንም ሳይቀምሱ ሲጸልዩ ውሎ፣ ሲፈታ ያለውን መብላት ነው። ኦርቶዶክስ በጾም ሥጋ እንደማይነካ ሰምተዋል፤ ቅቤ ግን ለእሳቸው የደከመ ሰው መድኃኒት እንጂ ሌላ አይደለም። ስለዚህ የገባቸው መስሏቸው ሳህኑን ይዘው ተመለሱ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደገና አሙቀው አመጡት። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ እምቢ ለማለት አፏ አልታዘዘላትም። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተቀበለች። የመጣን መመለስ ነውር፣ መብላት ኃጢአት፣ መድፋት ከሁለቱም የባሰ። ዶሮዎቹ ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

ሳህኑን አጥባ፣ ባዶውን አይሄድም ብላ፣ ከአገር ቤት ያመጣችውን የሽምብራ ቆሎ ሞልታ መለሰችላቸው። አከራያችን ደስ አላቸው። በማግስቱም ሙቹዋ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን፣ ከዚያ ወዲያም።

እኔ የደረስኩባት መብራት ጠፍቶ ቢሮው ሥራ የፈታ ቀን ነው። ቀድሜ ወደ ቤት ስመጣ ክፍሉ ባዶ ነው። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ የሰው ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ እየቆነጠረች ትወረውራለች።

"አንቺ ቀበጥ፣ አይቡን ለቅመሽ ቆጮውን ለማን ልትተይ ነው? እዪያት ቀይዋን፣ ሳትመርጥ ስትበላ። ጨዋ እንደሷ ነው።"

"እማዬ! ቅቤውን ለዶሮ?"

ደነገጠች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቀስ ብዬ እንድናገር በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

"ምን ላድርግ? ልመልሰው? ለሳቸው ትንፍሽ እንዳትዪ። ደጄን የሚረግጡ እሳቸው ብቻ ናቸው።"

ተናደድኩ። እሷ እየመነመነች ዶሮ እየወፈረ! እኔ እነግራቸዋለሁ ብላት ለመነችኝ፤ እናቴ ለምናኝ አታውቅም። እሺ አልኩ።

ዶሮዎቹ ቅቤ ከለመዱ በኋላ ነው እንግዲህ ልጣጭ የናቁት፣ አከራያችንም ፈንግል ያሉት። "ሳይሞት ቅዳሜ ገበያ እወስዳለሁ" ብለው ሲወስኑ እናቴ ተሸበረች። መላ ያለችውን ሁሉ ሞከረች። የአከራያችንን የስኳር ድንች ልጣጭ እየለቃቀመች፣ ሳህኑ ላይ በቀረው ቅቤ እያሸች ሰጠቻቸው። ቅቤውን ለቅልቀው ልጣጩን ተዉት። ድርቆሽ በሙቅ ውኃ አራሰችላቸው፤ ረግጠውት አለፉ። አቮካዶ ከተፈችላቸው፤ ገብስማዋ አንድ ጊዜ ቀምሳ መንቁሯን ሣር ላይ ጠረገች። "ይቺ ልጄ እንኳ በልጅነቷ እንዲህ አላስቸገረችኝ" አለች ወደኔ እያየች፤ የምትነግረው ለዶሮዋ ነው።

አርብ ዕለት አላስችል አለኝ። ነገ ዶሮዎቹ ገበያ ወርደው በእኛ ውሸት ሊሸጡ ነው። እናቴ ብትቀየመኝም ትቀየመኝ ብዬ አከራያችን ቤት ገባሁ። ቦይና፣ እኛ ጎደሬ የምንለውን፣ ይልጡ ነበር። ከመቀመጫው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቅቤ ለእናቴ በጾም እንደማይፈቀድ፣ እምቢ ማለት እንዳቃታት፣ ምግቡ የት እንደሄደ።

አከራያችን ቢላዋቸውን አላስቀመጡም።

"አውቃለሁ። ማክሰኞ አየሁ። በአጥር በኩል።"

"ታዲያ ከማክሰኞ ወዲህስ ለምን ያመጡላታል? ያ ሁሉ ቅቤ!"

የአከራያችን አማርኛ ወንድና ሴት ብዙም አይለይም፤ የሚሉት ግን ግልጽ ነው።

"እናትሽ ከመጣ ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም። ከኔ ጋ ዝም። ከአንቺ ጋ ዝም። ከዶሮ ጋ ግን ያወራል። ይስቃል። ሳህን ካላመጣሁ ከቤት አይወጣም።" አንድ ቦይና ልጠው ውኃ ውስጥ ጣሉ። "ዶሮ አልሸጥም። አንቺም አትንገሪው፤ ያፍራል።"

እኔ ስንት ጊዜ ሽሮ አቅርቤ ወጣሁ? አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ አባቴ አንድ ነገር ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ካነሣሁት እናለቅሳለን ብዬ ሸሸሁ። የሰው አገር ሰው ያየውን ልጇ አላየሁም። እዚያው ሴትዮዋ ፊት አለቀስኩ፤ እሳቸውም አላባበሉኝም፣ ቢላዋ ሰጥተው ቦይና አስላጡኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሥራ እንደወጣሁ ሰው ቡና ልጋብዝሽ ቢለኝ እንኳ አልቆምም፤ ባጃጅ ይዤ በቀጥታ እንሰቱ ሥር ነው። ሳህኑ አሁን የሚመጣው እኔ ስደርስ ነው፤ ቅቤው ግን ሳስቷል፣ ከጎኑም የተቀቀለ ቦይና ከዳጣ ጋር ጣል ይደረግበታል። እናቴ "ይቺን እንኳ እኔ እበላታለሁ፣ የጾም ናት" ትላለች፤ እንዴት የጾም ሆና እንደመጣች አትጠይቅም። በዳጣው ዓይኗ እያለቀሰ ትጨርሰዋለች። ሙቹዋውን ለዶሮዎቹ እየቆነጠርን እናወራለን። አባቴ በወጣትነቱ ዶሮ ይፈራ እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት፤ ያ ቁጡ ሰው፣ አውራ ዶሮ ሲያሳድደው አጥር ላይ ወጥቶ እናቴን ሲጣራ። ስታወራኝ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም።

መሄዱን ግን አልተወችም። ልብሷ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል። ፈቃድ ሞልቻለሁ፣ አብሬያት ልሄድ። "ቅሪ" ልላት ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ አንድ ጊዜ በሰው ፊት አስገድጃታለሁ፣ ሁለተኛ አላደርገውም ብዬ።

የፋሲካ ዕለት ረፋዱ ላይ አከራያችን ነጭ ለብሰው መጡ። የያዙት ሙቹዋ ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል። ጓሮ ወጥተን ተቀመጥን። አከራያችን ጠቅልለው አንድ ጉርሻ ወደ እናቴ አፍ ዘረጉ፤ እናቴ ተቀበለች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና፣ ማንንም ሳታይ፣ ሳትቸኩል፣ መብላት ጀመረች። ዶሮዎቹ እንደለመዱት መጥተው ከበቧት። በእግሯ ገፋ አደረገቻቸው። አንገተ መላጣዋ ጭኗ ላይ ልትወጣ ሞከረች፤ በክርኗ መለሰቻት። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ አንድ ሳህን ስትጨርስ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። አከራያችን ወደኔ አላዩም፤ ወደ እንሰቱ ነበር የሚያዩት።

እናቴ የሳህኑን ጠርዝ በጣቷ ጠርጋ ላሰች። ዶሮዎቹ ባዶ እጇን እያዩ ቆመዋል። ትንሽ አሳዘኗት መሰለኝ።

"ነገ ምን ልንሰጣቸው ነው?" አለችኝ።

"የድንች ልጣጭ አለ" አልኳት።

"አይበሉም" አለች። "ቀስ በቀስ ነው ማልመድ ያለብኝ። አንድ ወርም ይፈጃል።"