ሁለተኛው ናሙና

በደቡብ ቻይና፣ በምግብ ሙያዋ በምትታወቀው በሹንዴ፣ በዓሣ ኩሬዎቹ ዳር ማለዳ ላይ ውኃውና ሰማዩ አይለዩም። ካም ፉንግ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ለዓሣዎቿ ሣር ስትበትን ኖራለች። በዚያ ዓመት ግን ጭጋጉ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ የቀረ መሰላት። ግራ አፍንጫዋ ተደፈነ፤ አልፎ አልፎም ይነስራት ጀመር።

«ትናንት እንዴት እንዳንኮራፋሽ!» አላት ባሏ አ ቢንግ። «ዓሣዎቹ ሞተር የመጣ መስሏቸው ጭቃ ውስጥ ተደበቁ።»

«አንተ ደግሞ! የራስህን ሰምተህ ይሆናል።»

የሰፈሩ ክሊኒክ «ሳይነስ ነው» ብሎ ክኒን ሰጣት። አለቀ፤ ሌላ ሰጣት። ብርዱ ሲገባ ትኩሳት ያዛት፤ ልብሷም እየሰፋት ሄደ። ትኩሳቱ እንደ ለብ ያለ ውኃ ተሸክሟት ይሄዳል፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል፣ ከሞተች የቆየችው እናቷ ጀልባ ስትቀዝፍ ታያታለች።

አ ቢንግ ፈራና ጓንግዡ ከተማ ሆስፒታል ወሰዳት። ዶክተር ላው የምትባል ለስለስ ያለች ሐኪም ከአፍንጫዋ ቁራጭ ሥጋ ወስዳ አስመረመረች። ውጤቱ «የሞተ ሥጋ ብቻ፤ ካንሰር አልታየም» የሚል ነበር።

«በይ ተነሺ፣ እንሂድ» አለ አ ቢንግ ፊቱ በርቶ። ካም ፉንግ ጫማዋን ስታጠልቅ ዶክተሯ ደረሰች።

«እትዬ፣ አይሂዱብኝ። ሥጋ እንዲሁ ዝም ብሎ አይሞትም፤ የሚገድለው ነገር ከሥሩ ይኖራል። ጠለቅ ብዬ እንደገና ልውሰድ።»

«ደግሞ ልትቆርጪኝ? አፍንጫዬ እኮ ድሮም ትንሽ ናት!»

«አልጨርሳትም፣ አይስጉ።»

ሁለተኛው ናሙና እውነቱን አወጣ፤ ሊምፎማ የሚሉት ካንሰር፣ ያውም ብዙ ሰው የማይይዝ ዓይነት። «ደግነቱ ገና ከአፍንጫ አልወጣም» አለች ዶክተሯ። አ ቢንግ ቀልድ ጠፋበት፤ የሚስቱን እጅ ያዘ።

ለጨረር ሕክምናው፣ ጭንቅላቷ እንዳይንቀሳቀስ፣ በሙቅ ውኃ የለሰለሰ የፕላስቲክ መረብ በፊቷ ልክ ተሠራላት። መረቡን ለብሳ አልጋው ላይ ስትታሰር መጀመሪያ ፈራች። ኋላ ግን የማሽኑ እምምታ አደነዘዛት፤ ኩሬው ግርጌ የተኛች፣ የዓሣዎች ጥላም ቀስ እያለ በላይዋ የሚያልፍ ይመስላት ጀመር። እዚያ ታች ማንም አይጠራትም፤ ምንም አያማትም። ቀጥሎ በደም ሥሯ የገባው መድኃኒት ግን እንዲህ አላባበላትም፤ ፀጉሯን አረገፈው፣ ሆዷን አገላበጠው፣ ዘይት ያለበትንም ምግብ ሁሉ አስከለከላት። አ ቢንግ ቀጭን የሩዝ ገንፎ በማንኪያ ያጎርሳታል።

«ዘይት የማትቀምስ የሹንዴ ሴት! ጎረቤት እንዳይሰማ» ይላታል።

ሙቀቱ ገብቶ የሊቺ ፍሬ ሲቀላ በአፍንጫዋም በደም ምርመራዋም የበሽታው ምልክት ጠፋ። «በየጊዜው እየመጡ ይታያሉ፤ እንዳይጠፉብኝ» አለቻት ዶክተር ላው።

ቤቷ ስትገባ አ ቢንግ ከኩሬው ዓሣ አውጥቶ በዝንጅብል ቀቀለላት። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ሽታው የለም፤ ማሽተቱን ጨረሩ ወስዶባታል፤ እንፋሎቱ ብቻ ፊቷን ዳሰሳት።

«እንዴት ነው?» አላት እየሰጋ።

«ይሞቃል» አለችና ቾፕስቲኳን አነሣች።