ለሚካኤል የተሳለችው ሞተሬ

በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ዓይኔን ስገልጥ እናቴን ከራስጌዬ ተቀምጣ አየኋትና «ሞተሬን ዝናብ መታት ወይ?» አልኳት... ከሞት ተመልሶ መጀመሪያ ይህን የሚጠይቅ ልጅ መውለድ ምን እንደሚመስል እሷ ታውቀዋለች።

«አልመታትም። ግን ልጀ... ሞተሯ ካሁን ወዲያ ያንተ አይደለችም» አለችኝ። «ወባው ሲጠናብህ ለሚካኤል ተሳልኋት።»

ተመልሼ መታመም አማረኝ።

ነገሩ የጃንሆይ ጊዜ ነው። ቡሬ ከእናቴ ጋር እየኖርኩ ወፍጮ ቤት መካኒክ ነበርኩ። እዚህ ገጽ ላይ በእጅ የተገጣጠሙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን ፎቶ ስትለጥፉ አምሽቼ የማየው ወድጄ አይደለም፤ እኔም አንድ ነበረችኝ። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ብረት አንድ በአንድ ለቅሜ በአራት ዓመት የሠራኋት። ሻሲዋን ያገኘሁት አንድ ገበሬ የጥጃ በረት መዝጊያ አድርጎት ነው። የቤንዚን መያዣዋ፣ ሰልባትዮዋ፣ ፍኖተ ሰላም አንዲት ሴትዮ ቤት ላምባ ተሞልቶባት ነበር። መቀመጫዋን የሰፋልኝ የፈረስ ቤት ከተማ ኮርቻ ሠሪ ነው፤ ሠርቶ ሲጨርስ «ልጓሟስ?» ብሎ ጠይቆኛል።

አመለኛ ነበረች። ካርቡራቶሪዋን በመዳፍህ አፍነህ ሁለቴ ትረግጣታለህ፣ በሦስተኛው ለቀቅ ታደርግላታለህ... ያኔ ትነሳለች። ከኔ በቀር ማንም አልቻላትም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ሰው በኩራቱ እንደሚቀጣ ያኔ አላወቅኩም።

ለማለቅ የጎደላት የፊት ቸርኬ፣ ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት፣ ብቻ ነበር። እሱንም አገኘሁት... እናቴ በተወለደችበት ገጠር፣ ሚካኤል ደጅ፣ ወይራ ላይ ተሰቅሎ። ደወል ነበር። የገጠር ደብር ደወል ከየት ያመጣል፤ ያገኘውን ብረት ሰቅሎ ይመታል። ቄሰ ገበዙን ለምኜ በከባድ መኪና ቸርኬ ለወጥኩት። እሳቸውም አዲሱን መታ መታ አድርገው «ይኼማ ቡሬ ድረስ ይሰማል» ብለው መርቀውኛል።

በወሩ ወባ ጣለኝ። በዚያው ሳምንት የመኪናው ቸርኬ ተሰንጥቆ እንደ ድስት ይንኳኳ ጀመር። ሚካኤል በደወሉ እንደተቀየመ እናቴ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገችም።

እግሬ ሲጸና ላደርሳት ተነሳሁ። ቢያንስ ነድቻት ልሰናበታት ብዬ ልወጣባት ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«የታቦት ንብረት ላይ ይወጣል?»

እናም የግማሽ ቀን መንገድ፣ ቤንዚን የተሞላችውን ሞተር በእጄ እየገፋሁ ሄድኩ፤ እናቴ ከኋላ ከኋላዬ። ያገኘን መንገደኛ ሁሉ «ምነው፣ ታማ ነው?» ይላል። «የለም፣ የታመምኩትስ እኔ ነኝ» እላለሁ።

ቄሰ ገበዙ ሲያዩኝ አዘኑልኝ። መስቀል አሳለሙኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አይዞህ። ለኅዳር ሚካኤል የስለት ዕቃ ሁሉ ለጨረታ ይወጣል። አንተው ትገዛታለህ። ታቦቱም አይቀርበት፣ አንተም አይቀርብህ» አሉኝ። እስከ ኅዳር በዚህች ቃል ኖርኩ።

የጨረታው ዕለት ጃንጥላው ተሸጠ፣ ወይፈኑ ተሸጠ፣ እሷ ወጣች። ዋጋ የጠራ የለም። ማስነሳቱን ማን ያውቅና... ደግሞስ ሚካኤልን ያስቀየመች ሞተር ማን ደፍሮ ይነካል። እጄን አነሳሁ። እናቴ ካጠገቤ ሆና እጄን ይዛ ቀስ አድርጋ አወረደችው።

«ተው ልጀ። ዳግመኛ ላትቀመጥባት ነው የተሳልሁ።»

«ብቀመጥባትስ?»

«በሱ ፈንታ እኔን ውሰደኝ ብየዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ የገበያ ወሬ የምታወራ ያህል የተረጋጋ ነበር። «ሌላ የምሰጠው ምን አለኝ?»

ቄሰ ገበዙን አየኋቸው። «ስለቱ የናትህ ነው፤ እኔ ልፈታው አልችል» አሉና መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። እናቴን በዚያች ቅጽበት ጠላኋት። እንደዚያን ቀን የወደደኝ ሰውም በሕይወቴ አልነበረም።

ገዢ ጠፋ። የፊት ቸርኬዋን እኔው ፈታሁላቸው፣ እነሱ ቢፈቱት በመጥረቢያ ነበርና። ወደ ቦታው ወይራው ላይ ተሰቀለ። ሌላው አካሏ ከሥሩ ቀረ። ማንም አልነካትም፤ የታቦት ናት። አንድ ጊዜ ሰንሰለቷን ዘይት ልቀባላት ስጠጋ የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አይቼ ተውኩት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለንግሥ እሄዳለሁ፣ ዝገቱ ጨምሮ አገኘዋለሁ፣ ተሳልሜ እመለሳለሁ።

እናቴ ከሃያ ዓመት በኋላ በሰላም ዐረፈች። ተዝካሯን ባወጣን ማግስት ገጠር ወረድኩ። ቄሰ ገበዙ አርጅተው በትር ይዘዋል። «እንግዲህ ቃሉ ከሷ ጋር ተቀብሯል» አሉኝ። ጠጋ ብዬ መሪዋን ያዝኩት... እጄ ላይ ተሰብሮ ቀረ። ኮርቻዋን ምስጥ በልቶታል። ካርቡራቶሪዋን በመዳፌ አፈንኩት፤ ለምን እንዳፈንኩት አላውቅም።

ቸርኬው ግን ዛሬም አለ፣ ዛሬም ይደወላል። እንግዲህ ሞተሬ አሁንም ሚካኤል ደጅ ታደርሰኛለች... በእግሬ።