ያዳነን አሸዋ

ኦገስት ገብቶ ንፋሱ ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር፣ ዛሬም ጥርሴ ስር አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ይመስለኛል፤ አፌ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ እተፋለሁ።

ያደግነው በስደት አገር፣ ዳቬይተን በሚባል የድሆች ሰፈር ዳር፣ ስፓዛ ከሚሏት ከአባቴ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ከማዶ ከወርቅ ማዕድን የተረፈ ቢጫ የአሸዋ ተራራ ተገትሮ ነበር፤ ንፋስ በተነሳ ቁጥር አሸዋው እየመጣ ፊታችንን ይገርፈን፣ ዳቦውን ያለብሰው ነበር። እናቴ እርጥብ ፎጣ በር ስር እየወተፈች ትራገመው ነበር። ጸሎተኛ ሴት ናት፣ ለዚያ ተራራ ግን ምሕረት አልነበራትም።

የዚህ አገር ክረምት፣ ደረቁ ብርድ ሲገባ ደግሞ ዘራፊዎች ይመጡ ነበር። ጎረቤታችን የነበረውን የሆሳዕና ልጅ በቆርቆሮው በኩል ተኩሰው ሲገድሉት፣ አባቴ ባዶ የዱቄት ጆንያዎች ሰብስቦ፣ ከተራራው አሸዋ በጋሪ እያጋዘ ሞልቶ፣ የአልጋችንን ዙሪያ እስከ መስኮቱ ገነባው። ባሏን ማዕድኑ የበላባት አሮጊት፣ ጎጎ የምንላት፣ እያሳለች መጥታ ይሄ አፈር ቤት አይገባም ብትለው ሳቀባት።

«ጎጎ፣ አሸዋ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው ጥይት ነው።»

በዚያው ክረምት አንድ ከሰዓት ዘራፊዎቹ «ሃምባ! ውጡ ካገራችን!» እያሉ መጡ። በሩን በመጥረቢያ ፈለጡት፣ ፍሪጁን ገለበጡት፣ አባቴን ግንባሩን በጠርሙስ ፈነከቱት፤ እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ኤርሚያስን ከጆንያዎቹ ጀርባ ወርውራ በላያችን ተኛች። ተኮሱ። አንዱ ጆንያ ሆዱ ተቀዶ አሸዋው ኤርሚያስ ፊት ላይ ተናደ፣ አፉንና አፍንጫውን ሞላው፣ ጥይቱ ግን እዚያው ቀረ። ሲሄዱ አባቴ ደሙ ዓይኑን እየጋረደው ተንበርክኮ፣ ጆንያውን አቅፎ ጌታን እያመሰገነ አለቀሰ።

የዚህ አገር ዝናብ የሚወርድበት በጋ ሲመጣ ጆንያዎቹ እርጥበት ይስቡ ነበር፤ ሲደርቁ አሸዋው በየስፌታቸው እየበነነ ትራሳችን ላይ ያርፍ ነበር። ማን ያውጣቸው? ያዳኑን እነሱ ናቸው! አባቴ ሲጸልይ እጁን የሚጭነው እነሱ ላይ ነበር፤ ያደግነውም በነሱ መሃል ተኝተን ነው።

ኤርሚያስ ገና ወጣት ሳለ ኩላሊቱ እምቢ አለ። ሐኪሟ የት እንዳደግን ጠይቃ፣ ስለ ጆንያዎቹ ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። በዚያ አሸዋ ውስጥ ዩራኒየም እንዳለ፣ ብናኙም ጨረሩም ዓመታት ቆይቶ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል፣ የሱ ሕመም ከዚያ ስለ መምጣቱ ግን እርግጠኛ መሆን እንደማትችል ነገረችን። አባቴ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ጣቱ እስኪሰበር ግድግዳውን በቡጢ ደበደበው። እኔም ነደደኝ፤ በአባቴ አይደለም፣ በዘራፊዎቹና ወርቁን ወስደው ትርፍራፊውን ደጃችን ላይ ከምረው በሄዱት።

ዛሬ የምንኖረው ጀፕ፣ የሐበሻ ሱቆች በሞሉበት መሃል ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው፤ በራችን ብረት ነው፣ ጥይትም ብዙ አንሰማም። ያኔ የሚገድለን ነገር ሲመጣ ይጮህ ነበር፣ እንደበቅም ነበር። ትናንት ንፋሱ ሲነሳ አባቴ እንደ እናቴ ፎጣ አርጥቦ በር ስር ሲወትፍ፣ ከኩላሊት እጥበት የተመለሰው ኤርሚያስ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ «አባ፣ ተወው በቃ፣ ገብቷል» አለው።

አባቴ ቀና ብሎ አላየውም። ፎጣውን ጨምቆ እንደገና ወተፈው።