የእትዬ ሶስና ቀይ ሥር

«እትዬ ሶስና» ማለት፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል የጾም በያይነቱ የሚሠሩ፣ ቀይ ሥርን በሚመለከት ይግባኝ የማይጠየቅበት ውሳኔ የሚሰጡ ሴት ማለት ነው።

ሥልጣናቸው የሚጀምረው ከደብረ ሲና በሚወርደው ጆንያ ላይ ነው። እያንዳንዱን ቀይ ሥር በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይመረምራሉ፤ የለሰለሰውና ጭራው የተቆረጠው ወደ መጣበት ይመለሳል። የተረፈውን ከነልጣጩ ይቀቅሉታል። ቆራርጦ የሚቀቅለውን ሰው «ደሙን አፍስሶ ሬሳውን የሚያቀርብ» ይሉታል። ቅጠሉን እንደ ጎመን ይሠሩታል፤ የተቀቀለበትን ውሃ ፊታቸው ለገረጣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ያጠጣሉ፤ ሾፌሮቹም እምቢ ማለትን እስካሁን አልደፈሩም። ቀይ ሥሩን ከድንች ጋር የሚያገናኙት ምግቡ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው፤ ድንችም የራሱ ክብር አለው ባይ ናቸው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሳይቀምሱ መሥራታቸው ነው። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከአፋቸው የሚደርስ ነገር የለም። ጨውን በመዳፋቸው፣ ሎሚን በአፍንጫቸው ይለካሉ፤ ስተው አያውቁም። ቀምሶ ማጣፈጥማ ለማንም አያቅትም ይላሉ።

ይህ ዝና አንድ የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበር ጆሮ ደረሰ። አስተባባሪው አቶ ልዑል አስቀድመው አስታውቀው አንድ ዓርብ በስድስት ሰዓት ወጥ ቤት ድረስ መጡ። ማኅበሩ በየወሩ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ምሳውን እየጾመ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ እዚህ ካጣ ወደ ፊት ካለችው ከተማ ካራቆሬ ያፈላልጋል። የተፈለገው ሆቴሉ ሳይሆን እሳቸው ራሳቸው መሆናቸው፣ እትዬ ሶስናን ከማለዳ ጀምሮ መቀመጫ አሳጥቷቸው ነበር።

አቶ ልዑል ስለ አቀቃቀሉም ስለ ዘይቱም ጠየቁ፤ ለሁሉም በቂ ማብራሪያ ተሰጣቸው። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ ዛሬ ምንም አልቀመሱም?»

«እኔ?» አሉ እትዬ ሶስና፣ አፋቸውን ሞልተው። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በዚህ ጉሮሮ አላለፈም።»

ሲናገሩ ምላሳቸው ታየ። ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል።

አቶ ልዑል ጨዋ ሰው ናቸውና ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ። እትዬ ሶስና ነገሩ ገብቷቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ እጃቸውም ያው ቀይ ነበር።

«እንመጣለን» አሉ አቶ ልዑል፣ ጣሪያውን እንዳዩ። «ቀይ ሥሩን ግን ይተዉልን፤ ገመና መሸፈን አያውቅም።»